ለሁለት ሳፋ የተለወጠው ኩስኩስት

የቤተሰብ ዓምድ

በጦር ሠፈራችን የቤተሰብ መኖሪያ ረፋዱ ላይ የሚሰማ አንድ የታወቀ ድምፅ አለ። ወታደሩ ወደ ልምምድ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ቡናው ገና በምጣዱ ላይ ሳለ፣ ከአጥሩ ማዶ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ጥሪ ይመጣል። ልዋጩ በጀርባው የአሮጌ ልብስ ጆንያ አዝሎ፣ በእጁ ደግሞ እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ቀይና ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋዎች ይዞ ከበር ወደ በር ይዞራል። ገንዘብ አይጠይቅም። ያረጀ ሱሪ፣ የተቀደደ ጫማ፣ የማይሠራ ራዲዮ፣ የተጣመመ ድስት ይበቃዋል። ከወር ደመወዝ ላይ ሳንቲም ሳይነካ አዲስ ዕቃ ወደ ቤት ስለሚገባ፣ የቤት እመቤቶቻችን ይህን ጥሪ በደስታ ይሰሙታል። እኛም ብንሆን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በልውውጡ ላይ አንዳች ነቀፋ አልነበረንም።

ነገሩን እንድናስብበት ያደረጉን የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ናቸው። ወይዘሮዋ ለእንቁጣጣሽ ቤታቸውን ሲያጸዱ፣ ከአልጋ ሥር አንድ የጠቆረ የናስ ኩስኩስት ያወጣሉ። በዚያው ሰዓት ልዋጩ ከደጃፋቸው ደረሰ።

«እናቴ፣ ይህ ጥላሸት ምን ያደርግልዎታል? አፉም ተጣሟል። ሁለት ሳፋ ልስጥዎትና ይገላገሉት» አላቸው።

ጥቂት ተከራከሩ፤ አንዲት አነስተኛ ጆግም በምርቃት አስጨመሩና ሰጡት። የበዓሉን ልብስ ያጠቡት በአዲሱ ሳፋ ነበር።

ኩስኩስት ምን እንደሆነ ላላዩ ወጣት አንባብያን ጥቂት እንበል። ቧንቧ ወደየቤቱ ከመግባቱ በፊት፣ እንግዳ ወደ ማዕድ ሲቀርብ እጁን የሚታጠበው ከጎኑ በወጣው ቀጭን አፉ ውኃ በሚያንቆረቁረው በዚህ ዕቃ ነበር። አስታጣቢው ፎጣ በትከሻው ጣል አድርጎ፣ በአንድ እጁ ኩስኩስቱን፣ በሌላው ውኃ መቀበያውን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ከታላላቆቹ ጀምሮ በየተራ ያስታጥባል። ስለዚህ ኩስኩስት የውኃ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የአክብሮት ዕቃም ነበር።

ሃምሳ አለቃው ለመስቀል ፈቃድ አግኝተው ወደ ቤት በመጡ ጊዜ፣ በሁለተኛው ቀን ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር ፈለጉ። «የእማዬ ኩስኩስት የት ገባች?» ሲሉ ጠየቁ። ዕቃው በሕይወት የሌሉት እናታቸው በሠርጋቸው ዕለት የሚዜዎቹን እጅ ያስታጠቡበት፣ ከወላጆቻቸው ቤት የቀረ፣ አራት ጊዜ ሲዛወሩም አብሯቸው የተጓዘ ነበር። ወይዘሮዋ እውነቱን ነገሯቸው። ሃምሳ አለቃው አልተቆጡም፤ ዝም አሉ። ወይዘሮዋ እንደ ነገሩን ከሆነ፣ ቁጣው ይሻላቸው ነበር።

ባለቤታቸው ወደ ክፍላቸው ከተመለሱ በኋላ ወይዘሮዋ ኩስኩስቱን ለመፈለግ ቆረጡ። እኛ ደግሞ ገና ከመድረሱ በፊት፣ በአነስተኛ ገንዘብ ቤትን ስለ ማስጌጥ ለዚህ ዓምድ ልንጽፍ አስበን ነበር። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ አብረናቸው ወደ አዲስ አበባ መርካቶ ተጓዝን።

ምናለሽ ተራ

«መርካቶ» የሚለው ስም የጣሊያንኛ ቃል ነው። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ጣሊያኖች በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ ባዛወሩት ጊዜ የቀረ ነው። በዚህ ሰፊ ገበያ ውስጥ ሁሉም ነገር የየራሱ «ተራ» አለው። ሸማ የሚፈልግ ወደ ሸማ ተራ፣ ሚስማር የሚፈልግ ወደ ሚስማር ተራ ይሄዳል። አሮጌ ዕቃ የሚፈልግ ግን ወደ ምናለሽ ተራ ይዘልቃል። ስሙ ከጥያቄ እንደ መጣ ይነገራል፤ «ምን አለሽ?» ማለት ነው።

ተራው ገና ሳይታይ የመዶሻው ድምፅ ይቀበላል። እዚህ የወደቀ ዕቃ ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። በርሜል ተቀዶ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ይወጣዋል፤ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ይሰፋል። በየመንደራችን «ቆራሌው!» እያለ፣ ይኸውም «ቆርቆሮ ያለው!» እያለ የሚዞረው ሰው የሰበሰበውን የሚያራግፈው በዚህ ነው። ልዋጩም ቢሆን መጨረሻው ከዚሁ አይርቅም።

ወይዘሮዋ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ስለ ኩስኩስቱ ጠየቁ። በመጨረሻም ናስና መዳብ የሚገዙ አንድ አዛውንት ነጋዴ ዘንድ ደረስን። አዛውንቱ በሚዛናቸው አጠገብ ተቀምጠው ታሪኩን በትዕግሥት ሰሙ።

«ልጄ፣ ምልክት ነበረው?» አሏቸው።

«አፉ ወደ ግራ ተጣሞ ነበር።»

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደህናውን የቅርሳ ቅርስ ነጋዴ መርጦ ይወስደዋል። የተጣመመው ግን በኪሎ ተመዝኖ ለማቅለጫ ነው የሚሄደው። ይኼን ጊዜ ቃጭል ሆኖ ይሆናል።»

ወይዘሮዋ ምንም አልመለሱም። እኛም የምንለው አጣን።

ሦስቱ ዋጋዎች

ከአዛውንቱ ጋር ሻይ እየጠጣን ባደረግነው ጭውውት፣ የአሮጌ ዕቃን ንግድ ምሥጢር የተረዳን ይመስለናል። አንድ ዕቃ ሦስት ዋጋ አለው። የመጀመሪያው የደጃፍ ዋጋ ነው፤ ባለቤቱ «ከቤቴ ይውጣልኝ» ብሎ የሚሰጥበት ነው። ሁለተኛው የሚዛን ዋጋ ነው፤ ዕቃው ስሙንና ታሪኩን ትቶ ናስ ወይም ብረት ተብሎ በኪሎ የሚሸጥበት ነው። ሦስተኛው የግድግዳ ዋጋ ነው፤ ዕቃው ተወልውሎ፣ በመስተዋት መደርደሪያ ላይ ቆሞ፣ ለቤት ጌጥነት የሚፈለግበት ነው። በደጃፍ ሁለት ሳፋ ያወጣው ኩስኩስት፣ ጓደኛው በቅርሳ ቅርስ መደብር ውስጥ ስንት እንደሚጠየቅበት ወይዘሮዋ በዚያው ዕለት በዓይናቸው አይተዋል። በዚያ ገንዘብ ሳፋ ቢገዛበት ለመኖሪያችን ሁሉ በተዳረሰ ነበር።

በሦስቱ ዋጋዎች መካከል ዕቃው አልተለወጠም። የተለወጠው ዕቃውን የሚያየው ሰው እውቀት ነው። እንግዲህ በርካሽ መግዛት የሚሻ ቤተሰብ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው ነገር በርካሽ አለመሸጥ ነው። አለዚያ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ይደርሳል።

ይህን ስንል የቤት እመቤቶቻችን ከልዋጭ ጋር መገበያየት ያቁሙ ማለታችን አይደለም። ያለቀ ሱሪ በሳፋ ቢለወጥ ማንም አይጎዳም። ሆኖም ናስ፣ መዳብ፣ ብር፣ ቀንድ፣ የጥንት እንጨት፣ በእጅ የተሰፋ ስፌት የሆነ ነገር ሁሉ ከቤት ከመውጣቱ በፊት አንድ ሌሊት ይደርበት። ባልና ሚስትም ይመካከሩበት። ልዋጩ ነገም ይመጣል።

ምን አይተን እንግዛ?

ወይዘሮዋ ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። ለገና ማስጌጫ ካጠራቀሟት ገንዘብ ከፍለው ከአንድ እንጨት የተጠረበ ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ አንድ ፋኖስ፣ ሦስት አበባ የተሳለባቸው የጥንት የብረት ሳሕኖች ገዙ። ሲገዙ የተመለከትነውንና ከነጋዴዎቹ የተማርነውን እንደሚከተለው አቅርበናል።

ናስ ነው የተባለ ዕቃ በማግኔት ይፈተናል። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ቁራጭ ማግኔት ትበቃለች። ማግኔቱ ከተጣበቀ ዕቃው ናስ የተቀባ ብረት ነው፤ ንጹሕ ናስና መዳብ ማግኔት አይስባቸውም። የጠቆረ ናስ ደግሞ ሎሚና ጨው ታሽቶበት፣ በውኃ ታጥቦ፣ በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል መልኩ ይመለሳል። ነጋዴው «ጥላሸት» ብሎ ያረከሰባችሁን እናንተ በአንድ ሎሚ ታስከብሩታላችሁ።

ወንበር፣ በርጩማ ወይም አልጋ ሲገዛ ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ዋንዛ፣ ዝግባ ወይም ወይራ ከሆነ ክብደቱ ይናገራል። ቺፑድ ከሆነ ግን ጠርዙ ላይ የተጣበቀው ልባጥ ተላቅቆ ውስጡ እንደ ፍርፋሪ ይታያል፤ ውኃ ከነካው በኋላም አይጠገንም። ትናንሽ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው የተራገፈ የእንጨት ዱቄት ካለ በውስጡ የሚበላው ተባይ አለ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ግን መጋጠሚያዎቹን ለትኋን መርምሩ። በርካሽ የተገዛ አንድ አልጋ የመኖሪያውን ሁሉ እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ዕቃው ወደ ቤት ሳይገባ በደጅ ቆይቶ፣ መጋጠሚያው ሁሉ የፈላ ውኃ ይፍሰስበት።

መሶብ ሲመረጥ ታቹንና የእግሩን ስፌት ተመልከቱ፤ አሽትቱትም። ሻጋታ የገባው ስንደዶና አክርማ ሽታው በቀላሉ አይለቅም። ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በትንሹ ማሸት ይበቃል። ቀለም የሚለቅ ወይም ውስጡ ያረጀ መሶብ እንጀራ ባይቀመጥበትም፣ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ቤት ያደምቃል። ጀበና በጣት ሲንኳኳ የጠራ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ስንጥቅ አለበትና ውኃ ተሞልቶ ይታይ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎችም አሉ። ቀለሙ የተላጠ የጥንት ሳሕን፣ ወይም ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ባለቀለም የሸክላ ዕቃ፣ እርሳስ የተባለውን መርዛም ማዕድን ሊይዝ ስለሚችል ምግብ አይቀርብበት፤ ለጌጥ ብቻ ይሁን። እንደዚሁም ከበርሜል የተሠራ ዕቃ ሲገዛ በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደ ነበረበት መጠየቅ ይገባል። ኬሚካል የነበረበት ቆርቆሮ ለውኃም ሆነ ለእህል አይሆንም።

ከሐረር ግድግዳ የተገኘ ትምህርት

«ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ጌጡን የት እናኖረዋለን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። በምሥራቅ ያገለገሉ ብዙ አንባብያን ግን መልሱን በዓይናቸው አይተውታል። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሐረር ጁገል ውስጥ የቆየ የሐረሪ ቤት የገባ ሰው፣ ጌጡ ሁሉ በግድግዳ ላይ መሆኑን ያስተውላል። ወለሉ በደረጃ ከፍና ዝቅ ያለ መቀመጫ ነው። ከመቀመጫው በላይ ሴቶቹ በእጃቸው የሰፏቸው የስፌት ሥራዎች በረድፍ ተሰቅለዋል። ከስፌቶቹ ጎን ባለቀለም ሳሕኖች ይደረደራሉ፤ በግድግዳው ውስጥ በተበጁት ጎድጓዳ ሥፍራዎችም ሌሎች ዕቃዎች ይቀመጣሉ።

በዚያ ቤት ሳሕኑና ስፌቱ ከመጋዘን የወጡ ሸቀጦች አይደሉም። ከሠርግ የመጡ፣ ከእናት የተወረሱ ናቸው። ሥራ ሲኖር ይወርዳሉ፣ ሥራ ሲያልቅ ይሰቀላሉ። ስለዚህ ጌጡ ቦታ አይፈጅም፤ ዕቃ ማስቀመጫውም ራሱ ጌጡ ነው። ለወታደር ቤት ከዚህ የበለጠ ጥበብ አናውቅም። ወይዘሮዋም ሦስቱን ሳሕኖች ከበሩ ትይዩ በሦስት ሚስማር ሰቀሏቸው። ቀለም ያልተቀባው ግድግዳ በአንድ ከሰዓት በኋላ መልኩ ተለወጠ።

የበዓል ማግሥት ገበያ

አሁን ወደ በዓሉ ማስጌጫ እንለፍ። አብረቅራቂ ወረቀት፣ ትናንሽ መብራቶችና ሰው ሠራሽ የገና ዛፍ በከተሞቻችን ከተለመዱ ዓመታት አልፈዋል። ነጋዴው እነዚህን ዕቃዎች ለጥቂት ሳምንታት ገበያ ብሎ ያስገባቸዋል። በዓሉ ሲያልፍ ገንዘቡ በዕቃው ላይ ታስሮ ለአንድ ዓመት ይቆይበታል፤ መጋዘንም ይይዝበታል። ስለሆነም በዋዜማው ዋጋ አልቀንስም ያለው ሰው በማግሥቱ ራሱ ይጠራል። በበዓል ባዛሮችም የመጨረሻው ቀን ማምሻ ከሌላው ጊዜ ይሻላል፤ ዕቃውን ጭኖ መመለስ ለነጋዴው ወጪ ነውና።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከዚህ የተሻለ ዕድል አላቸው። በዚያ ገና የሚከበረው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ቀን ይውላል። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ብቻ ታኅሣሥ 28 ይሆናል። በሁለቱ መካከል 13 ቀን አለ። በዚያ ያሉት መደብሮች በማግሥቱ የማስጌጫውን ዋጋ ሲያወርዱ፣ ለጎረቤታቸው በዓሉ አልፏል፤ ለእኛ ወገኖች ግን ገና እየመጣ ነው። የራስን የቀን አቆጣጠር መጠበቅ ለኪስም እንደሚጠቅም ከዚህ እንረዳለን።

ሆኖም ከዚያ በስጦታ የሚላክ የመብራት ሐረግ አደጋ ሊኖረው ስለሚችል ጥንቃቄ ይደረግ። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል 120 ቮልት ሲሆን የአገራችን 220 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ መብራት በእኛ ሶኬት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። በመሰኪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳታነቡ አትሰኩ። ከገበያ የተገዛውንም ቢሆን ሽቦው ያልተሰነጠቀ መሆኑን እዩ፤ ከደረቀ ቅጠልና ከወረቀት አርቁት፤ ስትተኙም ንቀሉት።

የሐበሻ ጽድ ለማደግ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ዛፍ ነውና ለአንድ ሳምንት ጌጥ ተብሎ አይቆረጥ። አንድ ጊዜ በቅናሽ የተገዛ ሰው ሠራሽ ዛፍ በካርቶን ተጠቅልሎ ለብዙ ገና ይደርሳል። የዒድ በዓላት ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያሉ ይመጣሉ። ይህን አስልተው መጋረጃና ምንጣፍ ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት ወር የሚገዙ ጎረቤቶቻችን በዋዜማው ግርግር አይጨነቁም።

ሁሉም ነገር ግን አስቀድሞ አይገዛም። ቄጤማ አይከማችም፤ ጠዋት ታጭዶ ጠዋት ካልተጎዘጎዘ ጠረኑ የለም። አደይ አበባም በመስከረም ሜዳው ላይ ያለ ዋጋ ይገኛል። ልጆችን ይዞ ወጥቶ የሚለቀመውን አበባ ከሱቅ በፕላስቲክ መግዛት ለእኛ ትርፍ አይመስለንም።

የማይገዛ ዕቃ

ወታደር በተመደበበት አካባቢ አንዳንድ ሰዎች በጨለማ መጥተው የብራና መጽሐፍ፣ የጥንት መስቀል ወይም ሥዕል «በርካሽ» ሊሸጡለት ይሞክሩ ይሆናል። እንዲህ ያለው ዕቃ የቤት ጌጥ አይደለም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የአገር ቅርስን ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ከባሕር ማዶ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር፤ ወደ ቦታው የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የላሊበላ ሕዝብ ምን እንደ ተሰማው፣ አንድ ኩስኩስት ያጣ ቤተሰብ በጥቂቱም ቢሆን ሊገምተው ይችላል።

ስለዚህ ሻጩ ዕቃውን ከየት እንዳገኘው በግልጽ ካልተናገረ አትግዙ። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ ወይም ከገዳም የወጣ የሚመስል ዕቃ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ለአለቃችሁና ለሚመለከተው የሕግ አካል አስታውቁ። የራሱን እናት ቅርስ ያዘነለት ሰው የሌላውንም ሊጠብቅ ይገባዋል።

የሽኝቱ ማታ

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ለሃምሳ አለቃው ቤተሰብ የዝውውር ትእዛዝ ደረሰ። የወታደር ቤት እውነተኛ ፈተና ይህ ነው። ኦራሉ ከደጃፍ ሲቆም ዕቃው ሁሉ ማንነቱን ያሳያል። ከሁለቱ ሳፋዎች አንደኛው በፀሐይ ደርቆ ተሰንጥቆ ስለ ነበር ተጣለ። በርጩማው፣ ፋኖሱና በጋዜጣ የተጠቀለሉት ሦስት ሳሕኖች ግን ምንም ሳይሆኑ ተጫኑ። ቁም ሣጥኑ በመኪናው ላይ ስላልተቻለ፣ ወይዘሮዋ አዲስ ለገቡ አንድ የአሥር አለቃ ባለቤት በቅናሽ ለቀቁላቸው። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተለያዩ። በደጃፍ ዋጋና በግድግዳ ዋጋ መካከል የጎረቤት ዋጋ የሚባልም እንዳለ ያን ዕለት ተማርን።

ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ጎረቤት ሁሉ ለሽኝት ተጠርቶ ነበር፤ እኛም ተገኝተናል። እንጀራው ከመቅረቡ በፊት ሃምሳ አለቃው ራሳቸው ተነሡ። ፎጣ በትከሻቸው ጣል አደረጉ። በምርቃት የመጣችውን የፕላስቲክ ጆግ በቀኝ እጃቸው፣ የቀረውን ሳፋ በግራቸው ያዙና በዕድሜ ከሁሉ ከሚበልጡት አዛውንት ጀምረው፣ ጎንበስ ብለው የእያንዳንዱን እንግዳ እጅ አስታጠቡ። ወይዘሮዋ ከምድጃው አጠገብ ቆመው ያዩ ነበር። መጨረሻ ላይ ወደ እርሳቸው ሄደው፣ «ነይ፣ አንቺም ታጠቢ» አሏቸው። ስለ ኩስኩስቱ ከዚያ ወዲያ የተነገረ የለም።

ውድ አንባብያን፣ ከላይ ያየነው የጎረቤት ዋጋ በአጋጣሚ ብቻ እንዳይቀር አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየጦር ሠፈሩ የሚዛወረው ቤተሰብ ለሚገባው ቤተሰብ ዕቃውን የሚለቅበት፣ የበዓል ማስጌጫም ከቤት ወደ ቤት የሚለዋወጥበት አንድ ቅዳሜ በየሦስት ወሩ ቢወሰን፣ ለነጋዴ ትርፍ የሚከፈለው ገንዘብ በመኖሪያው ውስጥ ይቀራል። ዕቃው ዋጋው ተጽፎበት በምንጣፍ ላይ ይቅረብ፤ ያልተሸጠው ማታ ወደ ባለቤቱ ይመለስ። ናስና ስፌት ይዞ ለሚመጣ ሰው ደግሞ፣ ከመሸጡ በፊት የዕቃውን ታሪክ ለልጆቹ ነግሯቸው እንደሆነ በቅድሚያ ይጠየቅ።

ነገ ረፋዱ ላይ «ልዋጭ!» የሚለው ድምፅ እንደተለመደው ይመጣል። ያለቀውን ሱሪ ስጡት። ከአልጋው ሥር ያለውን ግን መጀመሪያ በሎሚ እሹትና እዩት።